ሲሞቅ የሚሰበሰብ፣ ሲበርድ የሚያብጥ፦ የሲሊካ ቅንጣትን ፒኒፓም ማልበስ

ስኳር በትኩስ ሻይ ወዲያው ይሟሟል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ግን ማንኪያ ያደክማል። ፒኒፓም የሚባለው ፖሊመር የዚህ ተቃራኒ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ ሟሙቶ ጥርት ያለ ፈሳሽ ይሆናል፤ ውሃው 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ግን ከውሃው ይለይና ፈሳሹ እንደ ወተት ይነጣል። እንቁላልም ሲሞቅ ይረጋል ትሉ ይሆናል። እንቁላል ግን አንዴ ከበሰለ አይመለስም። ፒኒፓም ሲቀዘቅዝ ይጠራል፣ ሲሞቅ ደግሞ ይነጣል፤ ደጋግማችሁ ብታሞቁትና ብታበርዱትም ጠባዩ ያው ነው።

ምክንያቱ ሰንሰለቱ ላይ ነው። ውሃ ወዳድ የሆነው አማይድና ውሃ ጠል የሆነው አይሶፕሮፒል ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በቅዝቃዜ ውሃው ከአማይዱ ጋር በሃይድሮጅን ትስስር ይያያዛል፣ በአይሶፕሮፒሉም ዙሪያ በሥርዓት ይደረደራል። ሙቀት ሲጨምር ውሃው ያን ሰልፍ ጥሎ ይበተናል፤ ሰንሰለቶቹም ውሃ ሲከዳቸው እርስ በርስ ይጣበቃሉ።

ይህን ጠባይ ሄስኪንስና ጊዬ የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። በዚያው ዓመት ስቶበር፣ ፊንክና ቦን መጠናቸው የተመሳሰለ ክብ የሲሊካ (የአሸዋና የመስታወት ዋና ንጥረ ነገር) ቅንጣቶችን ከአልኮልና ከአሞኒያ ውስጥ የማሳደጊያ ዘዴያቸውን አሳተሙ። ፔልተንና ቺባንት ደግሞ በ1986 ፒኒፓምን በጥቃቅን የጄል ኳሶች መልክ ሠሩት። ዛሬ የምንሠራው የሦስቱ ድምር ነው፤ እምብርቱ ሲሊካ፣ ልባሱ ፒኒፓም የሆነ ቅንጣት።

ሥራው ሲበላሽ አብዛኛው ሰው ጥፋቱን የሚፈልገው መጨረሻው ደረጃ ላይ፣ ፖሊመሩ ላይ ነው። ፖሊመሩ ግን ብዙም አያስቸግርም። የሚበዛው ጥፋት ከዚያ በፊት፣ የሲሊካው ገጽ ሲዘጋጅ የተፈጠረ ነው። ስለዚህ እኔም ጊዜዬን እዚያ ላይ አጠፋለሁ።

ሲሊካው

74 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ኤታኖል፣ 10 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃና 3.15 ሚሊ ሊትር 28 በመቶ አሞኒያ ፍላስክ ውስጥ ቀላቅሉ። በደቂቃ 400 ዙር እያማሰላችሁ 25 ዲግሪ ላይ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። ከዚያ 6 ሚሊ ሊትር ቴትራኤቲል ኦርቶሲሊኬት (ከዚህ በኋላ ቴኦስ እለዋለሁ) በአንድ ጊዜ ጨምሩ። በደቂቃዎች ውስጥ ሰማያዊ መሳይ ጭጋግ ይታያል፤ ከዚያ ይነጣል። እየተማሰለ ይደር። 200 ናኖሜትር አካባቢ የሆኑ ኳሶች ይወጣሉ። "አካባቢ" ያልኩት በምክንያት ነው፤ መጠኑ በአሞኒያው፣ በውሃውና በሙቀቱ ይወሰናል።

አሞኒያው ዋናው ተንኮለኛ ነው። ጠርሙሱ ደጋግሞ ከተከፈተ ጋዙ ያመልጣል፤ ላዩ ላይ 28 በመቶ ተጽፎ ውስጡ 20 ሊሆን ይችላል። አሞኒያው ሲያንስ ቅንጣቱም ያንሳል። ክፍሉ ሲሞቅም ቅንጣቱ ያንሳል። አዲስ አበባ ውስጥ ጠዋት የተጀመረና ከሰዓት የተጀመረ ሥራ አንድ ዓይነት መጠን ካልሰጠ ከመደነቅ በፊት ፍላስኩን ሙቀቱ በተቆጣጠረ የውሃ ገንዳ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ፍላስኩ የተጫረ ወይም ከበፊት ሥራ የቀረ የሲሊካ ሽፋን ያለበት ከሆነ ደግሞ ትልልቅና ትንንሽ ቅንጣት ተቀላቅሎ ይወጣል። በኮስቲክ ሶዳና በአልኮል ድብልቅ ውስጥ አሳድሮ በደንብ ማለቅለቅ ያድናል።

አሁን ወደ ወረቀት። 6 ሚሊ ሊትር ቴኦስ 5.6 ግራም ይመዝናል፤ ያ 27 ሚሊሞል ነው። ሁሉም ወደ ሲሊካ ቢቀየር 1.6 ግራም ይሆናል። የኳስ ገጽ ስፋት በግራም ሲሰላ 6 ለእፍጋትና ለዲያሜትር ብዜት ይካፈላል። እፍጋቱን በሴንቲሜትር ኩብ 2 ግራም፣ ዲያሜትሩን 200 ናኖሜትር ብንል በግራም 15 ካሬ ሜትር ይመጣል። ጠቅላላው 24 ካሬ ሜትር ማለት ነው፤ በአንዲት ፍላስክ ውስጥ የአንድ ደህና ሳሎን ወለል። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ቀጣዩ ደረጃ ሙሉ በሙሉ በሱ ላይ የቆመ ነው።

ገጹን መቀየር

ባዶ ሲሊካ ላይ ፒኒፓም በራሱ አይያዝም። የሲሊካው ገጽ በኦኤች (ኦክስጅንና ሃይድሮጅን በተያያዙበት ቡድን) የተሞላ፣ ውሃ ወዳድና አሉታዊ ሙል ያለው ነው፤ በ70 ዲግሪ የሚያድገው ፖሊመር ከውሃ የሚሸሽበት ቦታ ሲፈልግ ሲሊካውን አልፎ ለብቻው ይጠቀለላል። በሁለት እጁ የሚይዝ አገናኝ ያስፈልጋል፤ በአንዱ ሲሊካውን፣ በሌላው ፖሊመሩን። ለዚህ የሚመቸው ሜታክሪሎክሲፕሮፒል ትራይሜቶክሲሲሌን ነው፤ በአጭሩ ኤምፒኤስ። ሲሌን የሆነው ጫፉ ከኦኤቹ ጋር ይተሳሰራል፤ ሜታክሪሌት የሆነው ጫፉ ሁለት እጥፍ ትስስር ስላለው ከሚያድገው ሰንሰለት ጋር ይሰፋል።

ስንት ይበቃል? በአንድ ካሬ ናኖሜትር ላይ 3 ሞለኪዩል ያህል ይቀመጣል ብላችሁ አስሉ። 24 ካሬ ሜትር ላይ 0.12 ሚሊሞል ይሆናል፤ በክብደት 30 ሚሊግራም ገደማ። አዎ፣ ጠብታ ነው። ሁሉም ገጹ ላይ ስለማያርፍ አሥር እጥፍ፣ 0.3 ሚሊ ሊትር እንጨምራለን። አንዳንድ ጽሑፍ ላይ "5 ሚሊ ሊትር ጨምሩ" የሚል ታገኛላችሁ፤ የዚያ ጽሑፍ ቅንጣት 20 ናኖሜትር ከሆነ ገጹ አሥር እጥፍ ስለሆነ ያስኬዳል። በ200 ናኖሜትር ላይ ግን ትርፉ ኤምፒኤስ እርስ በርሱ እየተሰናሰለ ቅንጣትን ከቅንጣት የሚያጣብቅ ሙጫ ይሆናል። ስለዚህ መጠኑን ከሰው አትቅዱ፤ ከገጽ ስፋታችሁ አስሉት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ያደረውን የሲሊካ ብጥብጥ ሳታጥቡ፣ አሞኒያው እንዳለ፣ ኤምፒኤሱን ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ጨምሩና 24 ሰዓት ይማሰል። ከዚያ ትስስሩ እንዲጠነክር ማቀዝቀዣ ቱቦ ተገጥሞለት እስኪፈላ ይሞቃል። እዚህ ላይ ከፍታ ይገባል። የውጭ መመሪያ "80 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት" ይላል። በባሕር ጠለል ኤታኖል 78 ላይ ይፈላል፤ ውሃ 92 አካባቢ በሚፈላበት በአዲስ አበባ ከፍታ ግን ኤታኖሉ 71 እና 72 ላይ መፍላት ይጀምራል። ምድጃውን ብትጨምሩት ፈሳሹ በኃይል ይፈላል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ሰዓቱን ወደ ሁለት ማራዘም ይሻላል። አሞኒያው በሙቀት ስለሚተን ይህ ሁሉ ጭስ መሳቢያ ስር ነው።

ቀጥሎ እጥበት፤ በጣም የሚናቀው ደረጃ። በሴንትሪፊዩጅ አዝቅጡ፣ ፈሳሹን ድፉ፣ በአዲስ ኤታኖል በትኑ፤ አራት ጊዜ። ገጹ ላይ ያልተያዘ ኤምፒኤስ ከቀረ ፖሊመሩ በሚሠራበት ጊዜ ፈሳሹ ውስጥ የራሱን ዘር ይፈጥራል፣ ልባሱም ከእምብርት ውጭ ያድጋል። ዝቃጩ ሲጠጥር በአልትራሳውንድ ገንዳ ይበተን እንጂ በዘንግ አትጨቅጭቁት።

አታድርቁት። ይህን አንዱን ብቻ ብትይዙ ይበቃል። የሲሊካ ቅንጣቶች ሲደርቁ በመገናኛቸው ላይ ኦኤች ከኦኤች ጋር ውሃ እየጣለ ይተሳሰራል፤ ከዚያ በኋላ ምንም ያህል ቢነቀነቅ ወደ ነጠላነታቸው አይመለሱም። ለመመዘን የግድ ከሆነ 1 ሚሊ ሊትር ብቻ ወስዳችሁ አድርቃችሁ መዝኑና ቀሪውን በስሌት አውጡት። ዋናው ኤታኖል ውስጥ ይቀመጥ።

ያቺ የደረቀች ናሙና ለሁለተኛ ፈተናም ትሆናለች። ፈጭታችሁ ውሃ ላይ ነስንሱት። ባዶ ሲሊካ ወዲያው ረጥቦ ይሰምጣል፤ ኤምፒኤስ የለበሰው ግን እንደ ዱቄት ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። በኢንፍራሬድ ለሚመረምር፣ በሴንቲሜትር 1720 ሞገድ አካባቢ ያለውን የሜታክሪሌቱን የካርቦኒል ጫፍ ተመልከቱ። 1637 ላይ ያለውን የሁለት እጥፍ ትስስር ጫፍ ማስረጃ አታድርጉት፤ ሲሊካው የያዘው ውሃም 1630 ላይ ጫፍ ስላለው ያታልላል።

ልባሱ

ለ100 ሚሊ ሊትር ውሃ፦ 0.57 ግራም ኒፓም (እርስ በርሱ ተያይዞ ፒኒፓም የሚሆነው ነጠላ ሞለኪዩል፣ ማለትም ሞኖመሩ)፣ 39 ሚሊግራም ሜቲሊን ቢስአክሪላማይድ (ሰንሰለቶቹን እርስ በርስ የሚያስተሳስረው፤ ከኒፓሙ 5 በመቶ በሞል)፣ 30 ሚሊግራም ኤስዲኤስ (ሶዲየም ዶዴሲል ሰልፌት፤ ቅንጣቶቹን ከቦ እንዳይጓጎሉ የሚያደርግ ሳሙና መሰል ነገር)። ኒፓሙ ከሄክሴን ውስጥ እንደገና ክሪስታል ሆኖ የወጣ ቢሆን ይመረጣል፤ የሚሸጠው እንዳይበላሽ የተጨመረበት ማዘግያ አለው። ጓንት አይረሳ፤ የዚህ ቤተሰብ ሞኖመሮች መርዛማ ናቸው፤ ምንም ጉዳት የሌለው የተጠናቀቀው ፖሊመር ነው ብላችሁ ዱቄቱን አትዳፈሩት።

ይህን ሁሉ ባለሦስት አንገት ፍላስክ ውስጥ አሟሙታችሁ ናይትሮጅን በቀጭን ቱቦ ከሥር እያስገባችሁ ወደ 70 ዲግሪ አሙቁ። ቢያንስ 40 ደቂቃ ናይትሮጅን ይለፍበት። ከዚያ 0.4 ግራም ሲሊካ የያዘ 5 ሚሊ ሊትር የኤታኖል ብጥብጥ በመርፌ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ቀስ ማለቱ ለምን መሰላችሁ? ኤምፒኤስ የለበሰ ቅንጣት ውሃን አይወድም፤ በአንዴ ከተደፋ ኤስዲኤሱ ደርሶ ሳይከበው ይጓጉላል። ከ5 ሚሊ ሊትር በላይ ኤታኖልም አትጨምሩ፤ ኤታኖልና ውሃ ሲቀላቀሉ ፒኒፓም የሚሰበሰብበትን ሙቀት ያዛባሉ።

10 ደቂቃ ጠብቃችሁ በ2 ሚሊ ሊትር ውሃ የሟሟ 27 ሚሊግራም ፖታሲየም ፐርሰልፌት (በሙቀት ተሰብሮ የሰንሰለቱን እድገት የሚያስጀምሩ ራዲካሎችን የሚሰጠው) ጨምሩ። ሲሊካው ራሱ ነጭ ስለሆነ ለውጡ እንደ ንጹሕ ፒኒፓም አይጮህም፤ ግን በ10 ደቂቃ ገደማ ፈሳሹ ከነበረው ይበልጥ ድፍን ይላል። 4 ሰዓት ይቆይ፤ ከዚያ እየተማሰለ ይብረድ።

ግማሽ ሰዓት አልፎ ምንም ካልታየ ተጠርጣሪው ኦክስጅን ነው። ኦክስጅን ራዲካሎችን እየበላ ሥራውን ያስቆማል። ክዳኑን ፈትሹ፣ ናይትሮጅኑ እየገባ መሆኑን አረጋግጡ። ተጨማሪ ፐርሰልፌት መወርወር ፈታኝ ነው፤ ነገር ግን ኦክስጅኑ ባለቀበት ቅጽበት ራዲካሉ ስለሚበዛ ፖሊመሩ በሲሊካው ላይ ሳይሆን በየቦታው ይፈነዳል። ፐርሰልፌቱ ጠርሙስ ውስጥ የተጓጎለ ከሆነም እርጥበት ነክቶታል፤ ቀይሩት።

ስለ መብራት መሄድ አንድ ነገር። ቅንጣቱ የሚያድገው ተሰብስቦ፣ ከ32 በላይ ሆኖ ነው። በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ማማሰያውና ምድጃው ከቆመ ድፉት፤ ቢመለስም መጠኑ የተዘበራረቀ ይሆናል። አንድ ሰዓት ካለፈው ግን አብዛኛው ሞኖመር ስለተበላ ፍላስኩን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ናይትሮጅኑን ካላቋረጣችሁ በጣም አያሰጋም። ትልቅ የዘይት ገንዳ ሙቀት ስለሚይዝ ከስስ ምድጃ ይሻላል።

በጣም የተለመደው ጥፋት እምብርት የሌላቸው የፒኒፓም ኳሶች ከለበሱት ጋር ተቀላቅለው መውጣታቸው ነው። የሚመጣው የዘር ገጽ ሲያንስ ወይም ሞኖመሩ ሲበዛ ነው፤ የሚያድገው ሰንሰለት በአቅራቢያው ሲሊካ ካላገኘ ለብቻው ይሰፍራል። 0.4 ግራም ሲሊካ 6 ካሬ ሜትር ገጽ አለው። ወፍራም ልባስ ፈልጋችሁ ሞኖመሩን ከማሳደግ ይልቅ በዚህ መጠን ሠርታችሁ፣ የወጣውን አጥባችሁ እንደገና ማልበስ ይሻላል። ኤስዲኤሱም ሲበዛ ትንንሽ ባዶ ኳሶችን ስለሚያቅፍ ችግሩን ያባብሳል።

መለያየቱ ደግነቱ ቀላል ነው። ሲሊካ የያዘው ከባድ ስለሆነ በሴንትሪፊዩጅ ቀድሞ ይዘቅጣል፤ ባዶው ጄል ውሃ የጠገበ ስለሆነ ላይ ይቀራል። ላይኛው ፈሳሽ ጥርት እስኪል ሦስት አራት ጊዜ። ሴንትሪፊዩጁ ግን ማቀዝቀዣ ከሌለው ተጠንቀቁ፤ ረጅም ዙር ውስጡን ያሞቀዋል። 32 ካለፈ ልባሱ ተሰብስቦ ቅንጣቶቹ ተጨፍልቀው ይጣበቃሉ፣ ባዶውም አብሮ ይዘቅጣል። በአጭር በአጭሩ አዙሩ፤ በመሀል ክዳኑ ተከፍቶ ይብረድ።

32 የማን ቁጥር ነው?

የፖሊመሩ ብቻ አይደለም፤ የውሃውም ነው። ይህ ሳይገባቸው "ፒኒፓሜ በ36 ነው የሚሰበሰበው፣ ተበላሸ" የሚሉ ብዙ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ያልታጠበ ኤስዲኤስ ነው፤ በሰንሰለቱ ላይ ተለጥፎ ሙል ስለሚሰጠው መሰብሰቢያውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ብልቃጡን ነቅንቁ፤ አረፋ ከያዘ ገና ነው። በዲያሊሲስ ከረጢት ውሃውን በየቀኑ እየቀየሩ ሳምንት ማቆየት ያጠራዋል።

ጨው ደግሞ ወደ ታች ይጎትታል። በሊትር 58 ግራም የምግብ ጨው ያለበት ውሃ መሰብሰቢያውን 10 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ያደርገዋል፤ ለሕዋስ ሥራ የሚውለው ጨዋማ ፈሳሽ አንድ ሁለት ዲግሪ። ሰልፌት ከክሎራይድ ይብሳል። ሌላም መዘዝ አለው፦ በንጹሕ ውሃ ከ32 በላይ የተሰበሰቡት ቅንጣቶች የማይጓጎሉት ከፐርሰልፌቱ ያገኙት አሉታዊ ሙል ስለሚያገፋቸው ነው። ጨው ያን ግፊት ይሸፍነዋል፣ ሲሞቁም ተጓጉለው ይዘቅጣሉ። ስለዚህ የቧንቧ ውሃ አትጠቀሙ።

ሙቀቱን ሆን ብሎ ማዛወርም ይቻላል። ዳይሜቲል አክሪላማይድን የመሰለ ውሃ ወዳድ ሞኖመር ሲቀላቀልበት ይጨምራል፤ ቡቲል ሜታክሪሌትን የመሰለ ውሃ ጠል ሲገባ ይቀንሳል።

በዲኤልኤስ (የቅንጣትን መጠን ከሚበትነው ብርሃን የሚለካ መሣሪያ) ስትለኩ ከ20 እስከ 50 ዲግሪ በ2 ዲግሪ እርምጃ ሂዱ፣ በየእርምጃው 5 ደቂቃ ይረጋ። ከዚያ ሲሰላ እምብርቱን መቀነስ አይረሳ፤ ሲሊካ አያብጥም። ለምሳሌ ቅንጣቱ በ20 ዲግሪ 520፣ በ50 ዲግሪ 350 ናኖሜትር ቢሆን፣ ሁለቱን ኩብ አድርጎ ማካፈል 3.3 ይሰጣል። የ200 ናኖሜትሩን እምብርት ኩብ ከሁለቱም ኩቦች ቀንሳችሁ ብታካፍሉ ግን 3.8 ይሆናል። ልባሱ በእውነት የሚያብጠው ይህን ያህል ነው፤ ልባሱ ሲሳሳ የሁለቱ ልዩነት ይሰፋል።

የልባስ ውፍረት ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ የሚያሳየው ምርጥ ምሳሌ ከቅንጣት ሳይሆን ከሳህን የመጣ ነው። በቶኪዮ የሴቶች ሕክምና ዩኒቨርሲቲ የቴሩዎ ኦካኖ ቡድን ከ1990 ጀምሮ የሕዋስ ማሳደጊያ የፖሊስታይሪን ሳህን በኤሌክትሮን ጨረር ፒኒፓም አለበሰ። በ37 ዲግሪ ሕዋሶቹ ይጣበቁና ያድጋሉ፤ ሳህኑ ወደ 20 ሲበርድ ልባሱ ውሃ ይጠጣና ያለ ምንም ኢንዛይም እንደ ስስ እንጀራ ከምጣዱ ተላቀው ይነሳሉ። ይህ የሚሆነው ግን ልባሱ ከ15 እስከ 20 ናኖሜትር ሲሆን ነው። ከ30 ሲያልፍ ሕዋሶቹ በ37ም ቢሆን አይጣበቁም። ያው ፖሊመር፣ ያው ሙቀት፤ ልዩነቱ 10 ናኖሜትር።

የፈጠራ መብት ሰነዶችን ለምታነቡ፦ የይገባኛል ክፍሉ "ከ10 እስከ 80 ዲግሪ"፣ "ማንኛውም ሲሌን" እያለ መረቡን በሰፊው ይጥላል። እሱን ዝለሉትና በቁጥር የተቀመጡትን የአሠራር ምሳሌዎች ፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ በእርግጥ የተሠራው በሚሊ ሊትርና በሰዓት የተጻፈው ነው።

የተጠናቀቀው ብጥብጥ በ4 ዲግሪ ማቀዝቀዣ ውስጥ ወራት ይቆያል። አታቀዝቅዙት እስከ በረዶ፤ የበረዶው ክሪስታል ቅንጣቶቹን ገፍቶ ያጣብቃቸዋል። ሻጋታ እንዳይዘው 0.02 በመቶ ሶዲየም አዛይድ ይጨመራል፤ ያን ፈሳሽ ግን የመዳብ ወይም የእርሳስ ቱቦ ባለው ማጠቢያ አትድፉ። ከብረቱ ጋር የሚፈጥረው አዛይድ ቱቦው ውስጥ ተጠራቅሞ ቧንቧ ጠጋኝ በመፍቻ ሲነካው ሊፈነዳ ይችላል።